የኪራይ ቤት ሲለቁ ቀኑን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ለባዶ ቤት ኪራይ ከፍዬ አውቃለሁ። ዕቃዬ ወጥቶ፣ ወለሉ ታጥቦ፣ መስኮቱ ላይ የመጋረጃ ማንጠልጠያ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያን ወር ሙሉ ከአዲሱ ቤት ኪራይ ጋር የአሮጌውንም ከፈልሁ። ያስከፈለኝ የሁለት ቀን መዘግየት ነው። ወር በገባ በ20ኛው ቀን፣ በር ላይ ቆመን ስንነጋገር፣ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እንደምለቅ ለአከራዬ ነግሬአቸው ነበር። ደብዳቤውን የሰጠኋቸው ግን አዲሱ ወር በገባ በ2ኛው ቀን ነው። ውላችን የሚለው «የአንድ ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ፣ በወር መጨረሻ የሚያበቃ» ነበር። ስለዚህ ያ አዲስ የገባው ወር አልተቆጠረልኝም፤ ቆጠራው ወደሚቀጥለው ወር መጨረሻ ተሻገረ። አከራዬ ያጠፉት ነገር የለም፤ ውሉን ሳላነብ የፈረምሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ካርቶን ከመፈለግዎ በፊት ውሉን አውጥተው ያንብቡ። ውሉ የተወሰነ ጊዜ ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ የአንድ ዓመት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በመካከል ማስታወቂያ ሰጥቶ መውጣት ብቻውን ከቀሪው ኪራይ ነጻ አያወጣም። ቀድሞ ለመውጣት የሚፈቅድ አንቀጽ መኖሩን ይፈልጉ፤ ከሌለ ከአከራዩ ጋር ይነጋገሩ፣ የሚተካዎትን ተከራይ ይዘው ቢቀርቡ ደግሞ ንግግሩ ይቀላል። ውሉ በየወሩ የሚታደስ ከሆነ ግን ጉዳዩ የቀን ቆጠራ ነው።

ቀጥሎ የሚኖሩበትን አገር ሕግ ይመልከቱ፤ ልዩነቱ ሰፊ ነውና። በጀርመን ጊዜ ላልተወሰነለት ውል ተከራይ በመደበኛው የ3 ወር ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ያ ወር እንዲቆጠርለት ደብዳቤው ቢዘገይ እስከ ወሩ 3ኛ የሥራ ቀን ድረስ አከራዩ እጅ መግባት አለበት። በእጅ የተፈረመ ወረቀት መሆን ስላለበት ኢሜይል አይበቃም። በካናዳ ኦንታሪዮ በወር ለሚከፍል ተከራይ 60 ቀን ነው፤ የመልቀቂያው ቀንም የኪራይ ወሩ የመጨረሻ ቀን መሆን ይኖርበታል። በፈረንሳይ ዕቃ ለሌለው ቤት 3 ወር፣ ከነዕቃው ለተከራዩት 1 ወር ሲሆን፣ የቤት እጥረት ባለባቸው በርካታ ከተሞች ግን ዕቃ ለሌለውም 1 ወር ይበቃል። ጎረቤት ወይም ዘመድ የነገረዎትን ቁጥር ይዘው አይቁጠሩ።

ቆጠራው ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፦ ጊዜው መሮጥ የሚጀምረው እርስዎ ደብዳቤውን ከጻፉበት ቀን ሳይሆን አከራዩ ከተቀበለበት ቀን ነው። ስለዚህ ከሚለቁበት ቀን ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በዚያ ላይ ለመንገድ አንድ ሳምንት ይጨምሩ፤ ሰው ይታመማል፣ ፖስታ ይዘገያል። «60 ቀን» እና «ሁለት ወር» አንድ እንዳይመስሉዎት፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ወሩ 28ም 31ም ቀን ሊሆን ይችላል። ውሉ ቀን ካለ ቀን፣ ወር ካለ ወር ይቁጠሩ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እኔ አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«በዚህ አድራሻ የተከራየሁትን ቤት በውላችን አንቀጽ … መሠረት በ… ቀን ለቅቄ ቁልፉን እንደማስረክብ በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። ከዚያ በፊት አብረን ቤቱን የምናይበትን ቀን እንዲወስኑልኝ እጠይቃለሁ።»

ቀን፣ ስምና ፊርማ ይከተላል። ለምን እንደሚለቁ መዘርዘር ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። ሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ተብሎ ከነቀኑ ይፈረምልዎ፤ አከራዩ ሩቅ ከሆኑ በአደራ ደብዳቤ ልከው ደረሰኙን ይያዙ። የስልክ መልእክት የሚበቃው ውሉም ሕጉም ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ከሌሎች ጋር በጋራ ፈርመው ከሆነ ደግሞ ብቻዎን ከመጻፍዎ በፊት አብረዋቸው ይምከሩ፤ እንደ ውሉ ሁኔታ የአንድ ሰው ደብዳቤ ምንም ላይሠራ፣ ወይም የሁሉንም ውል ሊያቋርጥ ይችላል።

ማስታወቂያ ከሰጡ በኋላም ኪራዩ እስከ መጨረሻው ቀን ይከፈላል። «መያዣ ገንዘቤ ለመጨረሻው ወር ይሁን» ማለት አከራዩ በጽሑፍ ካልተስማሙ ብዙውን ጊዜ ውል ማፍረስ ነው። ቀድመው እንዲወጡ ቢፈቅዱልዎም ያንኑ በአንድ መስመር ያስጽፉ። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ አከራዮች ከማንም በላይ የሚፈልጉት ቀኑን ቀድመው ማወቅ ነው፤ ቀጣዩን ተከራይ የሚያገኙት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነውና።

በመጨረሻው ቀን ባዶውን ቤት ክፍል በክፍል ፎቶ ያንሡ፤ የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ ንባብም አይርሱ። ከዚያ ቁልፎቹን ቆጥረው ያስረክቡና ስንት ቁልፍ፣ በየትኛው ቀን እንደተቀበሉ አስፈርመው ወረቀቱን ይያዙ። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ከቀረ ቤቱን ገና እንዳልለቀቁ ሊቆጠርብዎት ይችላል።