ከድሬዳዋ እስከ ጋራ ሙለታ፦ የአራት ቀን የተራራ ጉዞ እንዴት ይደረጋል

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጋራ ሙለታ 3,381 ሜትር ነው። ሌሊት ከድሬዳዋ በመኪና ተነስቶ በዚያው ቀን ጫፍ ላይ ልቁም የሚል ሰው፣ ጉልበቱ ብርቱ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዞት ከመንገድ ይመለሳል። ሰውነት ከ2,500 ሜትር በላይ ያለውን ስስ አየር የሚለምደው ጊዜ ሲሰጡት ነው። ስለዚህ ጉዞውን እንደ ደረጃ ይከፋፍሉት፦ መጀመሪያ ሐርላ፣ ከዚያ ሁለት ሌሊት ሐረር፣ አንድ ሌሊት ከጋራው ሥር ባለችው ግራዋ፣ በአራተኛው ቀን ጋራው። እያንዳንዱ እርከን የራሱ ጥንታዊ ስፍራና የራሱ ሕዝብ ስላለው መዘግየቱ አያስቆጭም።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው አህያውንም ሰውንም ያንሸራትታል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናብና መብረቅ አለ። በቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን፣ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ዙሪያ፣ መኪናም አልጋም ይጠፋል፤ የተገኘውም ዋጋው የተለመደው አይደለም። በረመዳን መሄድ ይቻላል፣ ግን መንገድ መሪው ጾመኛ ስለሚሆን ቀኑን ያሳጥሩ፤ እሱ ፊት ቆሞ ውሃ መጎንጨትም ነውር ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በወረቀት ነው። ይህ አጭር ጉዞ ሦስት አስተዳደር ያቋርጣል፦ ሐርላ በድሬዳዋ አስተዳደር፣ ጁገል (በግንብ የተከበበው የሐረር አሮጌ ከተማ) በሐረሪ ክልል፣ ጋራ ሙለታ በኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን። የአንዱ ደብዳቤ ለሌላው አይሠራም። ከየአንዳንዱ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ያውጡ፣ የተጓዦቹ ስምና ቁጥር ይጻፍበት፣ የእያንዳንዱን ሦስት ሦስት ቅጂ ይያዙ፤ አንዱ ወረዳ ላይ፣ አንዱ ቀበሌ ላይ ይቀራል። የአካባቢውን ጸጥታ ሁኔታም እዚያው ይጠይቁ። «አሁን አትሂዱ» ከተባለ አይከራከሩ፣ ቀን ይለውጡ።

አስጎብኚና መንገድ መሪ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አስጎብኚው ከሐረር ፈቃድ ያለው፣ ታሪክ የሚያውቅ፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚያስተረጉም ነው። መንገድ መሪው ግን እዚያው ጋራ ሥር የተወለደ መሆን አለበት፤ የትኛው ምንጭ እንደደረቀ፣ የትኛው መንገድ በእርሻ እንደተዘጋ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንዱን ለመቆጠብ ብሎ ሌላውን መተው አያዋጣም። ውሎ አበላቸውን፣ የአህያውን ኪራይ፣ ምግባቸው በማን እንደሆነና ቀን ቢጨመር ስንት እንደሚከፈል ከመነሳት በፊት ሽማግሌ ባለበት ይነጋገሩ።

አንድ ነገር በግልጽ ይነገር፦ በሐረርጌ ከምሳ በኋላ የበርጫ፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት የመቃሚያ፣ ሰዓት ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ አህያ ነጂ ፈልጎ ማስነሳት ከባድ ስለሆነ የሥራው ሁሉ ክብደት ጠዋት ላይ ይዋል። ተጓዡም ሽቅብ ሲወጣ ጫት መያዝ የለበትም። ጫት ረሃብንና ድካምን ይደብቃል፣ የልብ ምት ይጨምራል፤ ከፍታ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ሳይሰሙ ያልፉታል።

ጫማው አዲስ አይሁን። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት የሚሸከሙትን ቦርሳ፣ 7 ኪሎ ያህል ሞልተው፣ የጁገልን ግንብ ሁለት ጊዜ በውጭ በኩል ይዙሩ፤ አንዱ ዙር 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተረከዝ ላይ ካቃጠለዎት እዚህ ቢያቃጥልዎ ይሻላል። በሌላ ቀን ደግሞ ወደ አው ሐኪም ጋራ ወጥተው ይውረዱ፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጣትዎ የጫማውን አፍንጫ ከነካ ጫማው ጠቧል።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው አቅጣጫ ሐርላ መንደር ይግቡ። በ2009 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያና ከሩቅ አገር የመጡ ሳንቲሞችና ሸክላዎች ያወጣው ከዚህ ነው። የአካባቢው ሰው ድንጋዮቹን እያየ የጥንቶቹን ሐርላዎች ግዙፍ ሰዎች ነበሩ ይላል። በማሽላው መካከል የሸክላ ስባሪ ወይም ዶቃ ቢያዩ አያንሱ። ሕፃናት ሊሸጡልዎ ቢያመጡ እንኳ አይግዙ፤ ቅርስ ከቦታው ማንሳት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፣ የተነሳ ዶቃ ደግሞ ታሪኩን ለተመራማሪ መናገር አይችልም። ከዚያ በደንገጎ አቀበት ወጥተው ሐረር፣ 1,885 ሜትር ላይ፣ ይደሩ።

በሁለተኛው ቀን ኮሮሚ። ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኤረር ሸለቆ በላይ ገደል አፋፍ ላይ ያለ የአርጎባ መንደር ነው። ቤቶቹ እንደ ጁገል ቤቶች የተለሰኑ ሳይሆኑ፣ ድንጋያቸው የሚታይ ናቸው። በኮንትራት መኪና ግማሹን ሄደው የቀረውን በእግር ይግቡ፤ ለእግር ማሟሻ ይበቃል። ወደ ግቢ ከመግባት በፊት ደጅ ላይ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» ይበሉ፣ እስኪጠሩ ይጠብቁ። ሴቶችን ያለ ፈቃድ ፎቶ አያንሱ። መስጊድና የአው (የሙስሊም ቅዱስ ሰው) መቃብር ሲደርሱ ጫማ ይወልቃል፣ ሴት ሻሽ ታደርጋለች፣ ወንድም ቁምጣ አይለብስም። ዓርብ ቀትር ላይ ከሶላት በኋላ እንጂ በሶላት ሰዓት አይድረሱ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሐረር መናኸሪያ ወደ ግራዋ ይሂዱ። ልጅ ኢያሱ በመጨረሻ ዘመናቸው ታስረው የቆዩት በዚህ አካባቢ ነው። ደብዳቤዎን አስመዝግበው፣ መንገድ መሪውን አግኝተው፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ሽቅብ ይራመዱና ተመልሰው ዝቅ ብለው ይደሩ። ከፍ ብሎ መዋል፣ ዝቅ ብሎ ማደር፤ ለሳንባ ከዚህ የተሻለ ማለማመጃ የለም።

ጭነቱ በዚያው ማታ ይታሰር። አራት ተጓዥ፣ አስጎብኚ፣ መንገድ መሪና አህያ ነጂ ሲደመሩ ሰባት ሰው ነው። ለአንድ ሰው ለመውጫው ቀን 4 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፣ በድምሩ 28 ሊትር። ሁሉም ሰው በየቦርሳው 2 ሊትር ይያዝ፤ የቀረው 14 ሊትር ለአህያዋ ነው። አንድ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ጎን አይስቀሉ። ሁለት ባለ 10 ሊትር በሁለት ጎን፣ ሰባት ሰባት ሊትር ሞልተው ይሰቀሉ፤ ሲቀዳም ከሁለቱም እኩል ይቀዳ። አንዱ ጎን ከከበደ ጭነቱ ቁልቁለት ላይ ወደ ሆድ ይዞራል፣ አህያዋም ትደናበራለች። ጠቅላላ ጭነቷ ከ40 ኪሎ አይበልጥ። የምንጭ ውሃ ከጨመሩ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ እንደ ቆላው ሳይግል ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት።

ለስንቅ በሶ ጥሩ ነው፦ ለአንድ ሰው በቀን 150 ግራም፣ ከጨውና ከስኳር ጋር። ቆሎ፣ ቴምርና ሎሚ ይጨመር። በየሁለት ሰው አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ይያዝ። የግንባር ባትሪ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ጋቢ፣ ፕላስተር፣ ለአህያዋም ትርፍ ገመድ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ ድሬዳዋ 30 ሲሆን ጫፉ 16 ገደማ ነው፤ በንጋትና በነፋስ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

የመውጫው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይነሱ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሰዓት 300 ሜትር ወደ ላይ። ያደሩበትን ከፍታ በስልክዎ ካርታ ያንብቡ፤ ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ሐረር ሳሉ ያውርዱት። 2,300 ሜትር ላይ ካደሩ 1,081 ሜትር ይቀራል፣ ከዕረፍት ጋር አራት ሰዓት ተኩል ያህል። ያለ ማለክለክ ማውራት የማይችል ሰው ካለ ፍጥነቱ በዝቷል። ፊት የሚሄደው ደካማው ይሁን። የጋራው ስም በኦሮምኛ «የሚታየው ጋራ» ማለት ነው፤ ከታች ጀምሮ ስለሚታይ ቅርብ ይመስላል፣ መንገድ ላይ የሚያገኟቸውም ሰዎች «ቅርብ ነው» ይሏችኋል። የእነሱ ቅርብ በእነሱ እግር የተለካ ስለሆነ ሰዓትዎን ይመኑ።

ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ግማሽ ሰዓት አርፈው ውሃ ጠጥተው ይዩት። ማስታወክ ከተጨመረበት ወይም ሰውየው ቀጥ ባለ መስመር መራመድ ካቃተው ያለ ክርክር ይውረድ፣ ብቻውን ግን አይላክ። 500 ሜትር መውረድ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። የትም ደርሰው ቢሆን ቀትር 6 ሰዓት ላይ ፊትዎን አዙረው ይመለሱ፤ ደመናው የሚሰበሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

ጉልበት የሚጎዳው በመውረድ ነው። እርምጃ ያሳጥሩ፣ ጉልበትዎን በትንሹ አጥፈው ይርገጡ፣ በትር ይያዙ። በእርከን እርሻ ላይ አቋራጭ አይውሰዱ፤ አንዱ የካብ ድንጋይ ሲፈርስ የገበሬውን አፈር በክረምት ጎርፍ ይወስደዋል። ሒሳብ ግራዋ ላይ፣ በሽማግሌው ፊት ይከፈል። ወደ ሐረር የሚመለሰው መኪና ከሰዓት በኋላ እየሳሳ ስለሚሄድ መቀመጫዎን ጠዋት ሳይወጡ አስይዘው ይሂዱ።