የመተግበሪያ ምስጢሮችን በቮልት ማስቀመጥና ማውጣት እንዴት ይቻላል?

በጅማ ለቡና አቅራቢዎች የሚዛንና የክፍያ መዝገብ የሚይዝ መተግበሪያ የሚሠራ ሰው የዳታቤዙን የይለፍ ቃል በኮዱ ውስጥ ጽፎ የኮድ ለውጦችን ሁሉ ወደሚመዘግበው ጊት ከላከው፣ መስመሩን በማግስቱ ቢሰርዘው እንኳ ቃሉ በጊት ታሪክ ውስጥ ስለሚቀር የይለፍ ቃሉን ከመለወጥ ሌላ አማራጭ የለውም። ይህ እንዳይደርስ ምስጢሮችን ከኮዱ አውጥቶ፣ እያንዳንዱን በመጠሪያና በዋጋ ጥንድ በሚይዝ ማከማቻ ማኖር ይገባል። እዚህ የምንጠቀመው ሃሺኮርፕ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ቮልትን ነው። ከታች በአነባበባቸው የሰፈሩት ትእዛዞች ተርሚናል ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።

ለመለማመድ «ቮልት ሰርቨር -ዴቭ» ብሎ ማስነሳት በቂ ነው። ሰርቨሩ በፖርት 8200 ይከፈታል፤ ሆኖም ሁሉን የሚይዘው በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ብቻ ስለሆነ ሲጠፋ የተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ለእውነተኛ ሥራ «ቮልት ኦፐሬተር ኢኒት» የሚለው ትእዛዝ የመክፈቻውን ቁልፍ ለ5 ከፍሎ ይሰጣል፤ ለመክፈት ከእነዚህ 3ቱ ይበቃሉ። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ቮልት ታሽጎ፣ ማለትም በክፍልፋዮቹ እስኪከፈት ድረስ ተቆልፎ ስለሚነሳ፣ ማሽኑ እየሠራ መተግበሪያው ግን ምስጢሩን አያገኝም። ስለዚህ ክፍልፋዮቹን ለተለያዩ ሰዎች ስታከፋፍሉ ማን የት እንደሚውል አስቡ፤ አንዱ ሂርማታ መርካቶ፣ ሌላው ጅሬን፣ ሦስተኛው አዘውትሮ አዲስ አበባ የሚመላለስ ቢሆን፣ በሌሊትም ቢሆን ሦስት ሰው በስልክ መገኘቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አምስቱንም በአንድ ሰው ስልክ ላይ ማስቀመጥ ግን ክፍፍሉን ከንቱ ያደርገዋል። በእኔ አስተያየት ለሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) መግዛት ከማንኛውም ተጨማሪ ሶፍትዌር ይቀድማል።

እሽጉ ከተፈታ በኋላ «ቮልት ሲክሬትስ ኢኔብል -ፓዝ=ሲክሬት ኬቪ-ቪ2» በሚለው ትእዛዝ ሁለተኛውን የማከማቻ ዓይነት ክፈቱ። ቀጥሎ «ቮልት ኬቪ ፑት ሲክሬት/ቡና/ዳታቤዝ» ብላችሁ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስከትሉ። የይለፍ ቃሉን በቀጥታ ከጻፋችሁት በተርሚናሉ የትእዛዝ ታሪክ ውስጥ ስለሚቀር፣ ከመጠሪያው ቀጥሎ የ@ ምልክትና የፋይል ስም በማስገባት ከፋይል እንዲነበብ አድርጉ፤ ፋይሉንም ወዲያው አጥፉ። በተጨማሪም «ፑት» በነባሩ ላይ የሚጨምር ሳይሆን ሙሉ በሙሉ የሚተካ በመሆኑ፣ የይለፍ ቃሉን ብቻ ጽፋችሁ ከላካችሁ አዲሱ ቅጂ የተጠቃሚ ስም አይኖረውም። አንዱን ብቻ ለመለወጥ «ፓች» የሚለውን ተጠቀሙ።

ለማውጣት «ቮልት ኬቪ ጌት» እና ያንኑ መንገድ (ሲክሬት/ቡና/ዳታቤዝ) መጻፍ ይበቃል። ቮልት በነባሪ የመጨረሻዎቹን 10 ቅጂዎች ስለሚይዝ «-ቨርዥን» ብሎ የቀድሞውን ማየት ይቻላል። በ«ዲሊት» የተሰረዘ ቅጂ በ«አንዲሊት» ይመለሳል፤ በ«ዲስትሮይ» የጠፋ ግን አይመለስም።

የመጨረሻው ሥራ ፈቃድ መወሰን ነው። መተግበሪያው ሁሉን በሚፈቅደው ዋና የመግቢያ ቁልፍ፣ በሩት ቶከን፣ መግባት የለበትም፤ መተግበሪያዎች ወደ ቮልት በሚገቡበት በአፕሮል በኩል የጊዜ ገደብ ያለው ቶከን ይቀበል፣ ፖሊሲውም (የቶከኑን ፈቃድ በየመንገዱ የሚወስነው ደንብ) ማንበብን ብቻ ይፍቀድለት። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ በትእዛዙ ላይ «ሲክሬት/ቡና/ዳታቤዝ» የነበረው መንገድ በፖሊሲው ላይ «ሲክሬት/ዳታ/ቡና/ዳታቤዝ» ተብሎ ካልተጻፈ መልሱ 403 («አልተፈቀደም» የሚል የስህተት ኮድ) ይሆናል። ሲስተካከል በመተግበሪያው ቶከን የራሱን ምስጢር አንብቡ፤ ከዚያም በዚያው ቶከን ያልተፈቀደለትን ሌላ መንገድ ሞክሩና በዚህኛው 403 መምጣቱን አረጋግጡ፤ ካልመጣ ፖሊሲው ከሚገባው በላይ ሰፍቷል ማለት ነው።