በባዶ የዘይት ጀሪካን እንጉዳይ በቤት ውስጥ ማምረት

በቤቱ እንጉዳይ ለማምረት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ማምረቻ ዕቃው ቢሆንም፣ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ እርሱ ነው። ባለ 5 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን፣ የማር ባልዲ፣ ትልቅ የውሃ ፕላስቲክ ሳይቀር ያገለግላል። ቀለም፣ ናፍጣ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ አይሆንም፤ እንጉዳይ ከሚያድግበት ነገር መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ወደ ራሱ ሊስብ ይችላልና። ምርቱን የሚወስኑት የጭዱ ንጽሕናና በውስጡ የሚቀረው ውሃ መጠን ናቸው።

ለጀማሪ የሚስማማው ኦይስተር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፍግም ሆነ አፈር ሳይፈልግ በደረቅ ጭድ ላይ ብቻ ይበቅላል። ዘሩ የሚባለው በተቀቀለ ማሽላ ወይም ስንዴ ላይ የተራባ ነጭ የእንጉዳይ ድር ሲሆን፣ ሲገዙት እህሉ በሙሉ በነጭ ድር የተሸፈነ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ የሌለበት፣ ሽታውም የትኩስ እንጉዳይ እንጂ የኮመጠጠ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ዘሩን ራሴ በድስት ቀቅዬ አዘጋጃለሁ ማለት ለጀማሪ አያዋጣም፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ እህሉን ከጀርም ሙሉ በሙሉ ለማጽዳት ደግሞ በግፊት የሚሠራ ድስት የሚሰጠው 121 ዲግሪ ያስፈልጋል።

የጀሪካኑ አፍ ጠባብ ስለሆነ ጭዱን ለመሙላትም በኋላ ለማውጣትም ያስቸግራል፤ ስለዚህ አናቱን ዙሪያውን ቆርጠው በአንድ ጎን ብቻ እንዲያያዝ ቢተዉት እንደ ክዳን ያገለግልዎታል። ዕቃውን በሳሙና አጥበው ዘይቱ ፈጽሞ እስኪለቅ ድረስ በሙቅ ውሃ ያለቅልቁት። በፍም የጋለ ብረት በጎኖቹ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ቀዳዳዎች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ ይብሱ፤ ከሥሩም ለውሃ ማጥለያ 2 ወይም 3 ትናንሽ ቀዳዳዎች ያድርጉለት። የጎኖቹን ቀዳዳዎች የቁስል ፕላስተር ይለጥፉባቸው።

ጭዱ የዘንድሮ፣ ወርቃማና ዝናብ ያልነካው መሆን አለበት። የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ተቆራርጦ ይቀርባል፤ የጤፍ ጭድ መቆረጥ ባያስፈልገውም ደቃቅ በመሆኑ ሲጠቀጠቅ አየር ስለሚያሳጣ፣ በእኔ አስተያየት ከስንዴ ጭድ ጋር እኩል ቢደባለቅ ይሻላል። ጭዱን በጆንያ ከተው፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ለ1 ሰዓት ተኩል ያህል እንዲቆይ ያድርጉ። ማገዶ ለመቆጠብ የፈላውን ውሃ ክዳን ባለው በርሜል ጭዱ ላይ ገልብጦ በርሜሉን በብርድ ልብስ መጠቅለል ይቻላል። ከዚያ በንጹሕ ወንፊት ወይም በተንጠለጠለ ጆንያ ያጥልሉትና አንድ እፍኝ አንሥተው አጥብቀው ይጭመቁት፤ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልክ ነው፣ ውሃው በጣቶችዎ መካከል ከወረደ ግን ገና መንጠፍ አለበት። ብዙ ጀማሪ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃ የበዛበት ጭድ ይሸታል፣ ዘሩም ታፍኖ ይሞታል።

ጭዱ ለእጅ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው፣ እጅዎን ታጥበውና በአልኮል አሽተው፣ መስኮት ዘግተው ይሙሉት። አንድ ረድፍ ጭድ፣ በላዩ ከዳር ከዳር በዛ ያለ ዘር፣ እንደገና ጭድ እያደረጉ ጠበቅ ግን ሳይጠቀጥቁ ይሙሉ። በባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን 2 ኪሎ ያህል እርጥብ ጭድ ቢገባ፣ ከ100 እስከ 200 ግራም ዘር ይበቃዋል። ክዳኑን መልሰው በሰፊ ፕላስተር ያሽጉና ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሚሞቅ ጨለም ባለ ቦታ ያስቀምጡት። ድሩ እያደገ የራሱን ሙቀት ስለሚፈጥር፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ከተማ የሚኖር ሰው ትንንሽ ዕቃ ቢጠቀምና ሙቀት የሚችል ዝርያ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ጭዱ በሙሉ ይነጣል። አረንጓዴ ሻጋታ ከታየ ጀሪካኑን ቤት ውስጥ ሳይከፍቱ ከሌሎቹ ያርቁት። የነጣውን ግን ፕላስተሩን ከቀዳዳዎቹ ላይ አንሥተው፣ ለንባብ የሚበቃ ብርሃን ወዳለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ ወደማያገኘው ጥግ ያምጡት፤ በዙሪያው በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ውሃ በደቃቁ ይርጩ። በክረምት ይህ ቀላል ነው፤ በበጋው ደረቅ አየር ግን እርጥብ ጆንያ በአጠገቡ መስቀል ይጠቅማል። እግሩ ረዝሞ ባርኔጣው ካነሰ ንጹሕ አየር አንሶታል፤ የባርኔጣው ጠርዝ ከተሰነጠቀ ደግሞ እርጥበት ጎድሎታል ማለት ነው። በጭዱ ላይ እግሩ የቀጠነ፣ ወደ ጥቁር ቀለም የሚቀልጥ የጅብ ጥላ ቢበቅል ነቅለው ይጣሉት እንጂ አይብሉት።

የባርኔጣው ጠርዝ ወደ ታች እንደታጠፈ ሳለ፣ ሳይዘረጋ፣ ዘለላውን በሙሉ ጨብጠው ጠምዘዝ በማድረግ ይንቀሉት፤ ካለፈበት የሚበትነው ነጭ ብናኝ ሳንባን ያስቆጣል። ከ10 እስከ 14 ቀናት በኋላ ሁለተኛው፣ አንዳንዴም ሦስተኛው ምርት ይከተላል፤ ከአንድ ጀሪካን በድምሩ ከ400 እስከ 700 ግራም ማግኘት ጥሩ ውጤት ነው። ምርቱ ሲያበቃ ጭዱን ለጓሮ ማዳበሪያ ያውሉት፤ ጀሪካኑንም በበረኪና አጥበውና ፀሐይ ላይ አድርቀው እንደገና ይሙሉት።