ቶዮታ ማትሪክሱ ማርሽ ሲቀይር ይመታል? ካምቢዮ ከመግዛታችሁ በፊት

ስልክ ይደወላል። «ማትሪክሴ ማርሽ ሲቀይር ይመታል፣ ካምቢዮው አልቋል አሉኝ።» መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የስንት ሞዴል ነው? መልሱ ከ2005 እስከ 2008 ከሆነ «ምንም እንዳትገዛ፣ አምጣውና ልየው» እላለሁ።

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ቶዮታ ማትሪክስ የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው። ከውጭ ስታዩት ትንሽ ነው። የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ ግን የጤፍ ከረጢቱም፣ የሕፃኑ ጋሪም፣ የእናት ሻንጣም አንድ ላይ ይገባል። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ማታ ምግብ ያደርስበታል። ሞተሩ ያው የኮሮላው 1.8 ሊትር ነው፣ አብዛኛው ላይ ያለው ካምቢዮም ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ጠንካራ ካምቢዮ ነው። እኔ ጋ ከመጡት ውስጥ በእውነት አልቆ ያገኘሁት ጥቂት ነው። ሳይሞት የተቀበረው ግን ብዙ ነው።

የዘይት ልክ ማየትና የብልሽት ኮድ ማንበብ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ፤ የካምቢዮ ዘይት የሚለካው መኪናው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አንድ ጊዜ አዳርሳችሁ ወደ ፒ ከመለሳችሁ በኋላ ነው። በቀዝቃዛው ለክቶ «ጎድሏል» ብሎ ሁለት ሊትር የጨመረ ሰው መኪና አጋጥሞኛል።

አጫጭሮቹን ቶሎ ልጨርስ

ማርሹ ከፒ አልወጣም ካለ የኋላ ፍሬን መብራታችሁን እዩ። ካልበራ ጥፋቱ ፊውዝ ወይም ፍሬን ፔዳሉ ጋ ያለችው ትንሽዋ ስዊች ነው። ለዚህ ሲባል ካምቢዮ አይነካም።

ዲ ላይ አስገብታችሁ ፍሬን ይዛችሁ ስትቆሙ መሪውና ወንበሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ኤን ላይ ስታደርጉት ደግሞ ከቀነሰ፣ የሞተር ጎሚኒ ነው፣ ሞተሩን የሚይዘው ጎማ። ርካሹን አትግዙ። ስድስት ወር ሳይሞላው ተቀዶ ሲመለስ አይቻለሁ፣ የእጅ ዋጋው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተጎተተ መጀመሪያ የዘይት ጉድለት ነው። ከጎማው ጋር የሚያያዘው ዘንግ የሚገባበት ላይ ያለውን የዘይት መያዣ ጎማ፣ ከዚያ ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱትን ቱቦዎች እዩ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖም የሚንሸራተት ከሆነና የተቃጠለ ከሸተተ፣ እሱ ነው እውነተኛው የካምቢዮ በሽታ።

የፍጥነት ቆጣሪው እየወደቀ ማርሹም አብሮ ከተምታታ የፍጥነት ሴንሰሩን እዩ።

አሁን ወደ ዋናው

ምልክቱ እንዲህ ነው። ከ1 ወደ 2 ሲገባ ከኋላ የተገጫችሁ ያህል ይመታል። ስኒ መያዣው ላይ ያለው ቡና ይደፋል። ቼክ ኢንጂን ይበራል። አጥፍታችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ስታስነሱት ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። መንገድ ላይ ሲሞቅ እንደገና ይጀምራል። ኮዱን ስታነቡት በአብዛኛው ፒ2716 ይላል። ይህ ኮድ የሚያወራው ኤስኤልቲ ስለምትባለው የግፊት መቆጣጠሪያ ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ ነው።

ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ ነው የሚስተው። «ሶሌኖይድ» የሚለውን አንብቦ ካምቢዮው ተበላሸ ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ያቺ ሶሌኖይድ የዘይቱን ግፊት ትቆጣጠራለች፣ ምን ያህል እንደምትቆጣጠር የሚነግራት ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ግፊቱ አይወርድም። በተቃራኒው እስከ መጨረሻው ይወጣል። የተሠራው ሆን ተብሎ እንዲያ ነው፣ ውስጥ ያሉት ፍሪስዮኖች (ማርሹን የሚይዙት ዲስኮች) ተንሸራተው እንዳይቃጠሉ። ስለዚህ ያ የሚያስደነግጠው ምት ካምቢዮው ራሱን ሲከላከል የሚሰማ ነው። እያለቀ ያለ ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ ይንሸራተታል እንጂ እንዲህ አይመታም።

ታዲያ ኤሌክትሪኩን ማን ቆረጠው? እ.ኤ.አ. ኦገስት 2010 ቶዮታ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 1.13 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ የ2005–2008 ኮሮላና ማትሪክስ መኪናዎችን በነጻ ለመጠገን የጠራው በዚሁ ኮምፒውተር ምክንያት ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ብየዳ ወይም ቫሪስተር የሚባለው ዕቃ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ በዓይን የማይታይ ፀጉር ያህል ነው። ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። «አንዳንዴ ነው የሚያደርገው» የምትሉት ለዚህ ነው። ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ማርሹ ይመታል፣ መኪናው አልነሳም ይላል፣ ወይም እየሄደ ሞተሩ ይጠፋል።

ሦስተኛውን በቀላሉ አትለፉት። አንዲት ነርስ እህታችን ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ 495 ሀይዌይ መሃል መስመር ላይ ማትሪክሷ ጠፋባት። እግዚአብሔር ጠብቋት ወደ ዳር ወጣች። ጠዋት ተጎትቶ ሲደርስ ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ተነሳ። የነዳጅ ፓምፕ ነው ተብሎ ተቀየረላት። በሳምንቱ እንደገና ጠፋ። እኔ ጋ ስትመጣ «ከዚህ በፊት ማርሹ ይመታ ነበር?» አልኳት። ሁለት ወር ሙሉ ይመታ ነበር፣ ማንም ስላልጠየቃት አልተናገረችም። ምቱና መጥፋቱ የአንድ ዕቃ ሥራ ነው። የኋላ ወንበሩ ላይ ሁለት የልጅ መቀመጫ ታስሮ አይቼ እጄ ተንቀጠቀጠ። የሚመታ ማትሪክስ ይዛችሁ ሀይዌይ አትውጡ።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

ኤሌክትሪክ የሚለካ ቴስተር ይበቃል። ካምቢዮው ላይ የሚሰካውን ሶኬት ንቀሉ፣ የኤስኤልቲን ሁለት እግር ለኩ። መኪናው ቀዝቅዞ፣ በ20 ዲግሪ ገደማ፣ ከ5.0 እስከ 5.6 ኦም መሆን አለበት። ከዚያ ነድታችሁ አሙቁትና ድገሙት። ሲሞቅ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይህ የተለመደ ነው። ሰማይ ከወጣ ወይም ከጠፋ ግን ሶሌኖይዷ ራሷ ናት፣ እሷም የምትቀየረው የካምቢዮውን ከርስ (ከታች ያለውን የዘይት ገንዳ) ፈትቶ ነው፤ ሙሉ ካምቢዮ አይገዛም። ልኩ ደህና ከሆነ ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን ሽቦ እዩ። ሽቦውን የበላ አይጥ ሁለት ጊዜ አጋጥሞኛል። ሽቦውም ደህና ከሆነ ኮምፒውተሩ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ይህን አንድ ሰዓት ማንም ስላልሰጠው ነው አንድ ወንድሜ 1,900 ዶላር ያጣው። ምግብ እያደረሰ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው። ጋራዡ ያገለገለ ካምቢዮ ገጠመለት፣ በሦስተኛው ቀን ያው ምት መጣ። «የገዛነውም ካምቢዮ የተበላሸ ነበር» አሉት። እኔ ስለካው 5.3 ኦም፣ ሽቦው ንጹሕ። ኮምፒውተሩ ሲቀየር እንደ ቅቤ ሆነ። የመጀመሪያው ካምቢዮው ግን ተጥሎ ነበር። ደህና ካምቢዮ! እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መፍትሄው

መጀመሪያ የመኪናውን ቪን (መለያ ቁጥር) ይዛችሁ ለቶዮታ አከፋፋይ ደውሉ። ኮምፒውተሩ በጥሪው ተቀይሮ እንደሆነና ካልተቀየረ አሁንም በነጻ ይቀይሩት እንደሆነ ጠይቁ። የጥሪ ሥራ ገንዘብ አይከፈልበትም። ከእናንተ በፊት ሦስት ባለቤት የነበረው መኪና ሲሆን የጥሪው ደብዳቤ ለሌላ ሰው ሄዶ ይሆናል፣ ስለዚህ «አልመጣልኝም» ማለት «አይመለከተኝም» ማለት አይደለም።

ኮምፒውተሩን መግዛት ግድ ከሆነ የተለጠፈበትን ቁጥር ፊደል በፊደል አመሳስሉ። አውቶማቲኩ ከማንዋሉ ይለያል። ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ኮምፒውተር አትግዙ፣ ያው ብየዳ ያለበትን በሽተኛ በሌላ በሽተኛ መተካት ነው። «ታድሷል» ብለው የሚሸጡት ውስጥም ውጭውን ብቻ አጽድተው የሚልኩ አሉ። ዋስትና በጽሑፍ የማይሰጥ ሻጭ ጋ አትሂዱ።

ባትሪ ነቅሎ መመለስ መፍትሄ አይደለም። ኮዱን ያጠፋል፣ ስንጥቁን አይሞላም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ መበየድም ያው ነው። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ከአሜሪካ የገባ የዚያው ዘመን ኮሮላ አለው፣ አንድ ባለሙያ በየደለት። አራት ወር ጥሩ ሄደ፣ ከዚያ ከነልጆቹ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆመ።

የ2003 እና 2004 ሞዴል ከሆነ ጥሪው አይመለከታችሁም፣ ሲመታ ዘይቱን፣ ሶሌኖይዱንና ሽቦውን እዩ። ግን እናንተን የሚመለከት የባሰ ነገር አለ። በጃንዋሪ 2024 ቶዮታ የእነዚህን ሁለት ዓመታት ማትሪክስና ኮሮላ፣ ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ያልተቀየረላቸውን፣ «አትንዱ» ብሏል። ሲፈነዳ ብረት ሊረጭ ይችላል። ቅያሬው ነጻ ነው። እባካችሁ ማርሹን ትታችሁ መጀመሪያ ይህን ጨርሱ።

ዘይቱንም እግረ መንገዴን፤ ከታች ስታፈሱት የሚወጣው ወደ 3 ሊትር ብቻ ነው፣ የቀረው ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አፍስሱ፣ ሙሉ፣ ሳምንት ንዱ፣ ድገሙ። እኔ ሦስት ጊዜ አደርገዋለሁ። ለዓመታት ያልተቀየረ ካምቢዮን በማሽን አላጥብም። ዲፕስቲኩ (የዘይት መለኪያው ዘንግ) ወይም የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ዓይነት ውጭ አትጨምሩ፣ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» የሚለውን ጠርሙስ እዚያው መደርደሪያው ላይ ተዉት።

አዲሱ ኮምፒውተር ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማርሹ ትንሽ ሻከር ቢል አትደንግጡ፣ ካምቢዮውን እየተላመደ ነው። ቀስ ብላችሁ ከተማ ውስጥ ንዱት። ሁለት ሳምንት ሞልቶትም ከመታ፣ ኮዱን ጻፉና ደውሉልኝ፣ ያኔ ስለ ካምቢዮው እንነጋገራለን።