በአንድ ሞራሌ ጠረጴዛ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያዋን ጠረጴዛዬን የሠራኋት አዳማ፣ ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤቴ በር ላይ ነው። ከአንድ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ ከተሰነጠቀ ረጅም እንጨት) እና ከግማሽ ጣውላ። ስድስት ሳምንት ሳይሞላት ገበታዋ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁም እያደር ሰፋና በኋላ የቡና ማንኪያ ቀጥ ብሎ ይቆምበት ጀመር። እኔ «ርካሽ እንጨት!» እያልኩ አማርር ነበር። የሰፈራችን አናጺ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩዋትና ሳቁ። «እንጨቱ ምን ያድርግ? እጅና እግሩን አስረህ ነፋስ ላይ አሰጣኸው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አራት ሠርቻለሁ። አራቱም አሉ፣ አንዷ ብቻ ትንሽ ታነክሳለች። እንጨት ተርፎ ሲከመር ስህተት ይሸፈናል፣ ሌላ ቁራጭ ታነሳላችሁ። አንድ ሞራሌ ብቻ ሲኖራችሁ ግን አንድ ያጠረ ቁራጭ ማለት እንደገና እንጨት ቤት፣ እንደገና ባጃጅ፣ እንደገና ከሾፌሩ ጋር «ይሄ ረጅም ነው፣ አይገባም» የሚል ጭቅጭቅ ነው።

ሳይስሉ መግዛት

«እንጨቱን ልግዛና ከዚያ አየዋለሁ» ያለ ሰው ሁሌም ይጎድለዋል። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳሉት። ለምሳሌ ገበታው 60 በ45፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ጠረጴዛ እንበል። ገበታው 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው እግሮቹ 43 ይሆናሉ፣ አራቱ ሲደመሩ 172። ገበታው በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር እንዲያልፍ ከተፈለገ ክፈፉ፣ ማለትም እግሮቹና እነሱን የሚያያይዙት አግዳሚዎች፣ 58 በ43 ነው። ሞራሌው 5 በ5 ከሆነ፣ በእግሮቹ መሃል የሚገቡት ረጃጅሞቹ አግዳሚዎች 48፣ አጫጭሮቹ 33 ይሆናሉ። ሁለት ሁለት ናቸውና 162። ድምሩ 334 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ የ4 ሜትር ሞራሌ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው መጋዙን ነው። መጋዝም ይበላል። አንድ ቁርጥ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሰጋቱራ አድርጎት ይሄዳል። የሞራሌው ሁለት ጫፎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሰነጠቁ ናቸው፣ ከየጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር ጣሉ። ያም ተቆርጦ ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ ይተርፋችኋል። እንዳትጥሉት፣ ኋላ ያስፈልጋል። ሌላው፣ ሁሉንም በሜትር እየለካችሁ አትቁረጡ። አንዱን እግር ቁረጡና ሌሎቹን ሦስቱን በእሱ ላይ አስተኝታችሁ ምልክት አድርጉ። ሁለተኛውን በመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው እያላችሁ ከሄዳችሁ አራተኛው ሌላ ጠረጴዛ ይሆናል።

እርጥብ እንጨት

በርካሽ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ወይም የፈረንጅ ጽድ ብዙ ጊዜ በቅርቡ የተሰነጠቀ ነው። ውሃው ገና አልወጣለትም። እንዴት ይታወቃል? አንዱ ከሌላው ጓደኛው ይልቅ ከከበደ፣ ጉንጫችሁ ላይ ስታደርጉት ቀዝቀዝ ካለ፣ ጠርጥሩ። እኔ የማደርገው አንድ ቁራጭ ወስጄ የሰፈራችን አትክልት ቤት ሚዛን ላይ ማስመዘን ነው፣ በየሳምንቱ። ባለ ሱቋ መጀመሪያ «ደግሞ እንጨት በኪሎ መሸጥ ጀመርክ?» ትለኝ ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

አዳማ ላይ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንጨት ቶሎ ይደርቃል፣ እጅግ ቶሎ። በከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹን ያቆሙት በከንቱ አይደለም፤ ያ ነፋስ የእናንተንም ጣውላ ያገኘዋል። ፀሐይና ነፋስ ላይ የተሰጣ ጣውላ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ከዚያ ይጣመማል ወይም ከጫፉ ይተረተራል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ፣ ግድግዳ ተገን አድርጋችሁ፣ በጣውላዎቹ መሃል ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሯቸው፣ ከላይ ድንጋይ ጫኑባቸው። ጫፎቹን የተረፈ ቀለም ወይም የቀለጠ ሻማ ቀቧቸው፣ ውሃ ፈጥኖ የሚወጣው በዚያ በኩል ነውና።

ሳያዩ መቀበል

እንጨት ቤት ልጁ ከላይ ከላይ አንስቶ ይሰጣችኋል። እናንተ ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ፣ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ እንደ ጠመንጃ እዩት። ጠማማው ወዲያው ይታያል። ትንሽ ቀስት የሠራ ጣውላ አጫጭር ሆኖ ሲቆረጥ ይድናል፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ የተጠመዘዘ ግን አይድንም፣ በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት። ትልቅ ጉጥ እግር ላይ አይሁን። ገበታ ላይ ግን ያምራል።

ፓሌት

ሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርባችን ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ እዚህ ፓሌት፣ ያ ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት መደብ፣ ሲፈታ ማየት የተለመደ ነው። ርካሽ ነው፣ ደረቅም ነው። ግን ማህተሙን ሳታዩ ቤት አታስገቡ። ከአገር ወደ አገር ዕቃ የሚጫንበት ፓሌት የስንዴ ዛላ የሚመስል ምልክትና የላቲን ፊደላት ያሉበት ማህተም አለው። «ኤች ቲ» የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው፣ እንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ገብቶበታል ማለት ነው። «ኤም ቢ» ካለ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነው። ምግብ ለሚቀመጥበት ጠረጴዛ እሱን እኔ አልነካም። የዘይት ወይም የኬሚካል ጠብታ ያለበትንም እንዲሁ፣ ምን እንደፈሰሰበት ማን ያውቃል።

ምስማሩን ደግሞ ሁሉንም ንቀሉ። ሁሉንም! አንድ ጊዜ የፓሌት ጣውላ ላስልግ ማሽን ቤት ወስጄ ባለቤቱ በሩ ላይ መለሰኝ። ተናድጄ ነበር። ቤት መጥቼ ጣውላውን በማግኔት ስፈትሸው ጭንቅላቱ የተቆረጠ ምስማር ውስጡ ተቀብሮ አገኘሁ። የሰውየውን ምላጭ ልሰብርለት ነበር።

ምስማር ብቻ፣ ያለ ቀዳዳ

ባሕር ዛፍ ጫፉ አካባቢ ምስማር ሲገባበት ይሰነጠቃል፣ በተለይ ሲደርቅ። በድሪል ቀድማችሁ ብሱት፣ ከብሎኑ ጥርስ ሳይሆን ከመሃል አካሉ እኩል በሆነ መብሻ። ብሎኑን ሻማ ላይ አሸት አድርጉት፣ በካቻቢቴ ሲገባ ይለሰልሳል። ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ ሳሙና ግን እርጥበት ይስባል፣ ብሎኑን ያዝገዋል።

እግርና አግዳሚን ከውጭ በአንድ ብሎን አያይዞ መተውም ሌላው ስህተት ነው። ብሎኑ የሚገባው በአግዳሚው የተቆረጠ ጫፍ በኩል ነው፣ እዚያ ደግሞ አጥብቆ አይዝም። ሲገፉት ሲስቡት ይላላል። መሮ መያዝ የምትችሉ ወንዴና ሴቴ አውጡለት፣ ማለትም የአግዳሚውን ጫፍ አቅጥናችሁ እግሩ ላይ በተቦረቦረ ጉድጓድ አስገቡት፣ ለዚህ በየአግዳሚው ጫፍ 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። በስምንቱ ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሞራሌው አሁንም ይበቃል። አልችልም የምትሉ ደግሞ ያ አትጣሉት ያልኳችሁን ትርፍራፊ በሦስት ማዕዘን ቁረጡና በአራቱም ማዕዘን ከውስጥ በኮላና በብሎን አስገቡት። የኔ ሁለተኛዋ ጠረጴዛ በዚህ ነው የቆመችው፣ ሕፃናት ላይዋ ይጨፍራሉ።

ኮላ

ኮላ ሁለት ለስላሳ ጎኖች ሲገጥሙ ከእንጨቱ ራሱ በላይ ይይዛል። ክፍተት ካለ ግን አይሞላም፣ ስለዚህ ጎኖቹን መጀመሪያ ላጉ። ሦስት የ15 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ገጥማችሁ 45 ሳይሆን 44 ብታገኙ አትደንግጡ፣ መላጊያው ወስዶት ነው። አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ከሌላችሁ በወፍራም ሲባጎ ዙሪያውን እሰሩና በሲባጎው መሃል ዱላ አስገብታችሁ ጠምዝዙት። እኩለ ቀን ላይ አትሥሩ፤ በዚህ ከተማ ሙቀትና ነፋስ ኮላው ሳትገጥሙት ቆዳ ያወጣል። ተጨምቆ የወጣውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አለበለዚያ ቫርኒሹ እዚያ ቦታ አልገባ ብሎ ነጭ ነጭ ይላል።

ገበታውን አስሮ መቸንከር

የኔን ጠረጴዛ የገደላት ይሄ ነው። እንጨት በርዝመቱ ከሞላ ጎደል አይለወጥም፣ በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠባል። 45 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ገበታ ከእርጥብነቱ እስኪደርቅ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊጠብ ይችላል። ከደረቀ በኋላም ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ በሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። እኔ ደግሞ ዙሪያውን በኮላና በአሥራ ሁለት ምስማር ክፈፉ ላይ ቸንክሬዋለሁ። ልጠብ ሲል መንገድ አጣ። ተሰነጠቀ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። በገበታውና በክፈፉ መሃል ኮላ የሚባል ነገር የለም። ረጃጅሞቹን አግዳሚዎች ከገበታው ጋር አላያይዛቸውም። በሁለቱ አጫጭር አግዳሚዎች በኩል ብቻ፣ ከሥር ወደ ላይ፣ መሃል ላይ አንድ ብሎን አጥብቄ አስገባለሁ። ከግራና ከቀኙ ደግሞ ቀዳዳውን በገበታው ወርድ አቅጣጫ ሞላላ አድርጌ፣ ብሎኑን ከሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር ከሚገባው ቀለበት) ጋር አስገብቼ ብዙም ሳላጠብቅ እተወዋለሁ። ገበታው ሲፈልግ ይንሸራተታል። የብሎኑን ርዝመት ግን ሁለቴ ለኩ፣ ጫፉ ከላዩ ቢያንስ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲቀረው መቆም አለበት። ጫፉን ብቅ ያደረገ ብሎን ያለበት ገበታ አሳምሮ ልጎ የጨረሰ ሰው አውቃለሁ። ዘመዴ ነው፣ አልናገርም።

ስኳድራን ብቻ ማመን

ስኳድራው፣ ማለትም ማዕዘን መለኪያው፣ ልክ ነው ቢላችሁም የክፈፉን ሁለት ሰያፍ ለኩ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን። 58 በ43 ለሆነው ክፈፍ ሁለቱም 72 ነጥብ 2 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው። አንዱ ከበለጠ፣ ኮላው ሳይደርቅ ረጅሙን ሰያፍ ገፋ አድርጉት።

እግር እየቆረጡ ማስተካከል

ጠረጴዛው ይነቀነቃል፣ አንዱን እግር ትቆርጣላችሁ። አሁን ሌላኛው ይረዝማል። እሱንም ትቆርጣላችሁ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ጠረጴዛ ጀምረው በርጩማ የጨረሱ አሉ። መጀመሪያ ወለሉን ጠርጥሩ፤ የኔ ቤት ሊሾ በጭራሽ ልክ አይደለም። ጎረቤት ሴራሚክ ወለል ካለ ውሰዱት። እዚያም ከተነቀነቀ ካርቶን እያስገባችሁ አቁሙት፣ ከዚያ አንድ ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ላይ እርሳስ አስተኝታችሁ በአራቱም እግር ዙሪያ መስመር አስምሩ። በመስመሩ ላይ አንዴ ቁረጡ፣ ጨረሳችሁ።

ቫርኒሽ

ነፋሱ ሲነሳ ደጅ ላይ አትቀቡ፣ አቧራውን አብራችሁ ነው የምትቀቡት። ጠዋት በማለዳ ይሻላል። ብርጭቆ ወረቀቱን ከ80 ጀምራችሁ በ120፣ ከዚያ በ180፣ በእንጨቱ መስመር ርዝመት ፈግፍጉት፤ በወርዱ የሄዳችሁበት ጭረት ቫርኒሹ ሲነካው ነው ፍንትው ብሎ የሚታየው። የገበታውን ሥርም ቀቡ። «ማን ያየዋል?» ይባላል፣ ግን አንድ ጎኑ ብቻ የተቀባ ገበታ እርጥበት የሚስበውም የሚለቀውም በሌላው ጎን ስለሆነ ይጎብጣል። በቫርኒሽ ፈንታ የሚቀባው ጎማላካ ያምራል፣ ቶሎም ይደርቃል፣ ቡና ለሚፈላበት ቤት ግን አይሆንም፤ ትኩስ ጀበና ሲቀመጥበት ነጭ ክብ ይጥልበታል፣ አረቄ ከፈሰሰበትም ይሟሟል። ቫርኒሹንም ቢሆን ሳምንት ያህል ሳትነኩት ተዉት። እኔ በሦስተኛው ቀን ጀበና አስቀምጬ የጀበናዋ ቂጥ እስከዛሬ ገበታው ላይ ታትሞ አለ፣ እንግዳ ሲመጣ ረከቦቱን እዚያ ላይ ነው የማስቀምጠው።