አልነሳ ላለ የዊንዶውስ ፍላሽ መፍትሔው

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ 10 ለመጫን ደግሞ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ። ከፍላሹ ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ ከርሰር ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል።

መጀመሪያ የአይኤስኦ ፋይሉን (የዊንዶውስ መጫኛ ዲስክ ሙሉ ቅጂ) እንዳለ ፍላሹ ላይ ኮፒ አደረግሁ። ይህ በፍጹም አይሠራም፤ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) የሚያነበው የፍላሹን የመጀመሪያ 512 ባይት ነው፣ ማስነሻ ኮዱ እዚያ ከሌለ ፋይሉን አይቶም አያውቀውም። ቀጥሎ ከሊኑክስ በዲዲ (ፋይሉን ባይት በባይት ፍላሹ ላይ በሚጽፍ ትእዛዝ) ጻፍኩት፤ አሁንም አልተነሳም። ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ በዚህ መንገድ ይነሳል፣ የአይኤስኦ ፋይሉ ለፍላሽም እንዲሆን ተደርጎ ስለተሠራ፤ የዊንዶውሱ አይኤስኦ ግን የተዘጋጀው ለዲቪዲ ነው። ፍላሹን በፋት32 (የፋይል አቀማመጥ ዓይነት) ፎርማት አድርጌ የአይኤስኦውን ውስጥ ስገለብጥ ደግሞ ኢንስቶል ዊም (install.wim) የሚባለው ፋይል አልገባም አለ፤ ፋት32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም።

የሠራው ሩፎስ (Rufus) የሚባለው ማስነሻ ፍላሽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነው፣ እሱም በሁለተኛው ሙከራ። በመጀመሪያው ፓርቲሽን ስኪሙ (የፍላሹ አከፋፈል ዘዴ) ለዩኢኤፍአይ በሚሆነው ጂፒቲ ላይ ነበር፤ ይህ ላፕቶፕ ደግሞ ዩኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው አዲሱ ዓይነት) የለውም። ፓርቲሽን ስኪም ኤምቢአር (የድሮው ዘዴ)፣ ታርጌት ሲስተም ባዮስ፣ ፋይል ሲስተም ኤንቲኤፍኤስ ብዬ እንደገና ስጽፈው ወዲያው ተነሳ። ለአዲስ ማሽን ከሆነ ግን ጂፒቲው እንዳለ ይቆይ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድማችሁ አውጡት። ኔት እየተቆራረጠ የወረደ አይኤስኦ ከሆነም ከመጻፋችሁ በፊት ሻ256 ቁጥሩን (SHA-256፣ ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳይ ቁጥር) አመሳክሩ።