«ጥግሽን ይዘሽ ሂጂ»፦ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በሳይክል እንዴት እንደምወርድ

ያደግሁት ባህር ዳር ነው። እዚያ ሳይክል የምትነዳን ሴት ዞሮ የሚያያት የለም። አዲስ አበባ ግን መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ከጎኔ ያለው ሾፌር መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ይመክረኛል። ምክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እህቴ፣ ጥግሽን ይዘሽ ሂጂ!» ከልቡ አዝኖልኝ ነው፤ ግን ተሳስቷል። ሰሞኑን ቢሮ አንዲት ልጅ ሳይክል ገዝታ «እንዴት ነው የምትወርጂው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

መንገዴ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከዚያ ቸርችልን ይዤ በቴዎድሮስ አደባባይ፣ በጥቁር አንበሳ፣ በፖስታ ቤት አድርጌ ቁልቁል፣ በመጨረሻ ወደ ሜክሲኮ መታጠፍ ነው። ጠዋት ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ስለ ማታው ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከጥግ ልጀምር። የአስፋልት ጥግ የመንገዱ ቆሻሻ ሁሉ ተጠርጎ የሚያርፍበት ነው፤ ጠጠሩ፣ የጠርሙስ ስባሪው፣ ግማሽ የተከፈተው የቱቦ ክዳን። ክረምት ላይ ደግሞ ውሃ ይተኛበታል፤ ከውሃው ስር ምን እንዳለ የምታውቁት ጎማችሁ ከገባ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን የቆመ መኪና በር ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ፖስታ ቤት ልደርስ ስል፣ ምክሩን ሰምቼ ጥጌን ይዤ ስወርድ አንዲት የቆመች ቪትዝ በሯ ተከፈተ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነበር፤ ከበሩ ስር ወደ አስፋልቱ የሚወርድ ቡኒ የቆዳ ጫማ። ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በአንድ ሰከንድ ሰባት ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እኔና በሩ መካከል የነበረው ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ወደ ግራ ተወርውሬ የእጄ አንጓ ተሰበረ፤ ስድስት ሳምንት በጄሶ። ሰውየው ክው ብሎ «ምነው እህቴ፣ አላየሽኝም እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ተኩል እርቃለሁ። ኋላዬ ክላክስ ይነፋል፤ ይነፋ። ክላክስ የነፋ ሰው አይቶኛል ማለት ነው፣ እኔም የምፈልገው መታየቱን ነው። ሌይኑ ጠባብ ከሆነ እንዲያውም መሀሉን እይዛለሁ፤ ጥግ ከያዝኩ ሾፌሩ «ታሳልፈኛለች» ብሎ በስፖኪዮው ክርኔን ይታከካል። መንገዱ ሲሰፋ ግን ወደ ቀኝ ጠጋ ብዬ አሳልፈዋለሁ፣ እጄንም አነሳለታለሁ። በቆሙት መኪኖች አጠገብ ሳልፍ ደግሞ በኋላ መስታወታቸው ጭንቅላት እፈልጋለሁ። ጭንቅላት ካለ በሩ ሊከፈት ነው ብዬ እቆጥራለሁ።

ሚኒባስ ሌላ ትምህርት ነው። በሩ በቀኝ፣ በእግረኛው በኩል ነው፤ ስለዚህ የቆመን ታክሲ በቀኙ ሾልኮ ማለፍ ማለት ከሚወርዱት ሰዎች ጋር መጋጨት ማለት ነው። በግራው እለፉ፤ በግራው ካልተመቸ ኋላው ቁሙ፣ አትሞቱም። ጆሯችሁንም አለማምዱ። ከመስኮቱ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ከወጣ፣ ፍሬቻ ቢኖርም ባይኖርም ታክሲው ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ወደ ቀኝ ይታጠፍባችኋል። እኔ ይቺን ቃል ስሰማ ጣቶቼ ራሳቸው ፍሬኑ ላይ ይወጣሉ። በዚህ ምክንያት ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነድቼ አላውቅም።

«ፊት ለፊት የሚመጣውን እያየሁ ብሄድ ይሻለኛል» ብለው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዱ አሉ። ለእግረኛ ይሠራ ይሆናል። እናንተ በ20፣ መኪናው በ40 ከሆናችሁ ግን የምትገናኙት በ60 ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብትሄዱ ኖሮ ልዩነቱ 20 ብቻ ነበር። ከመጋቢ መንገድ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የሚወጣ ሾፌር ደግሞ የሚያየው ወደ ግራው ነው፣ መኪና የሚመጣበት ያ ስለሆነ። እናንተ ከቀኙ ስትመጡ ከሰማይ የወረዳችሁ ያህል ነው።

ፍሬን ላይ የኛ ሰፈር ልጆች ሁሉ የተማርነው ስህተት አለ፦ «የፊቱን እንዳትነኪ፣ ትገለበጫለሽ!» ሳይክል ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አስፋልቱን አጥብቆ የሚይዘው የፊት ጎማ ነው፤ የኋላው ብቻውን ሲያዝ ይንሸራተታል። ሁለቱንም አብራችሁ፣ በአንዴ ሳትጨብጡ ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ ያዙ፤ ወገባችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ። ቸርችልን ከመሞከራችሁ በፊት ጭር ያለ ቦታ ላይ ተለማመዱት። ዝናብ ላይ የቸርኬውን ጠርዝ የሚይዝ ፍሬን መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ጀምሩ። የዜብራ ቀለምና የብረት ክዳን ላይ ግን በእርጥብ ጊዜ ፍሬን አይያዝም፣ መሪም አይጠመዘዝም።

ሄልሜት አድርጉ፤ ግን የሚጠቅመው ከወደቃችሁ በኋላ ነው። ከመውደቅ የሚያድነው መብራት ነው፦ ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ይጨልማል፣ ከቢሮ የምንወጣውም ያኔ ነው።

«ግብር የማትከፍሉበት መንገድ» የሚሉንስ? ደመወዜ ላይ ይቆረጣል፣ ሳይክሌን ስገዛም ከፍያለሁ። ዝም ብዬ አልፋለሁ። «ቀይ መብራት ትጥሳላችሁ» ሲሉን ግን እውነታቸውን ነው። እኔም ጥሻለሁ፣ ትቻለሁ፤ አንዱ የጣሰው በሌላው ይመነዘራል። «የልጅ ጨዋታ ነው» ለሚለው ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በወጣችበት በሜልቦርን፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ብስክሌተኞችም እንደነበሯት ልንገረው፤ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበሩ።

በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ላይ እግረኛ ሞላ ብለው የሚናደዱ ጓደኞች አሉኝ። እኔም እናደዳለሁ። ሆኖም ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናት ኋላ ደወል መደወል አይሠራም፤ ይደነግጡና ወዳልታሰበው ጎን ይላሉ። ፍጥነቴን ቀንሼ «እማማ፣ በግራዎ ልለፍ» እላለሁ። «እለፊ ልጄ» ይሉኛል፣ አንዳንዴም ይመርቁኛል። ሲኖትራኩ ለእኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ለእሳቸው ያው ነኝ።

ማታ ስመለስ ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ ያለውን ዳገት እየነዳሁ አልወጣውም። ወርጄ እየገፋሁ በእግረኛ መንገዱ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ በሳይክል ቁልቁል በእግረኛው መሀል እየበረረ አልፎኝ «ምን ዓይነት ባለጌ ነው!» ብዬ ጮህኩበት።